ለገና የሚደርሱ ዜማዎች በማንዶሊን፦ ለፍጹም ጀማሪ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

ኅዳር ሲጋመስ አንድ ዓይነት ጥያቄ በየዓመቱ ይደርሰኛል፦ «ማንዶሊን አለኝ፣ ኖታ ማንበብ አልችልም፣ ለገና የሚሆን ዜማ ልደርስበት እችላለሁ?» ይደርሱበታል። ኅዳር 15 ቀን የጀመረ ሰው እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ስድስት ሳምንት ያህል አለው፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ከሰጠ ከዚህ በታች ያሉትን ሦስት ዜማዎች ለመያዝ ይበቃዋል። በውጭ አገር ሆነው ታኅሣሥ 16 ቀን፣ ማለትም በፈረንጆቹ ዲሴምበር 25፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ጋር የሚያከብሩ ግን የቀራቸው አንድ ወር ብቻ ስለሆነ ሁለቱን ዜማዎች ይዘው ሦስተኛውን ለታኅሣሥ 29 ቢያቆዩት ይሻላል።

ሦስቱንም ዜማዎች በአንድ መነሻ ድምፅ፣ «ሬ» በሚባለው፣ ላይ አስቀምጫቸዋለሁ። ምክንያቱም ሬ ላይ ሲሆኑ ግራ እጅዎ ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ጣቶችዎም በተመሳሳይ ቦታ እያረፉ ሁሉንም መጫወት ይችላሉ፤ ለመጀመሪያው ዜማ ያለማመዱት ጣት ለሦስተኛውም ያገለግላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ማንዶሊን፦ ጀርባው ጠፍጣፋም ይሁን እንደ ቅል የጎበጠ ለዚህ ትምህርት ለውጥ የለውም።
• ፒክ (ክር መምቻ)፦ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ፣ ሁለት ወይም ሦስት። ቀጭኑ ፒክ ጥንድ ክር ሲመታ ይታጠፍና ድምፁን ያደበዝዘዋል፤ አንድ ብቻ ከገዙ ደግሞ ሶፋ ሥር ይጠፋል።
• መቃኛ፦ በማንዶሊኑ ራስ ላይ የሚቆነጠጠው ቱነር ወይም በስልክ የሚጫን መተግበሪያ።
• ሜትሮኖም (በደቂቃ የተወሰነ ምት እየቆጠረ የሚያሰማ)፦ ይህም በስልክ ላይ በነፃ ይገኛል።
• ትርፍ ክር፦ አንድ ሙሉ ስብስብ፣ «ላይት» የሚባለው ቀጭኑ። ከመግዛትዎ በፊት የክሩ ጫፍ ቀለበት ይሁን ወይም እንደ ጊታር ክር ቁልፍ ያለው ይሁን በራስዎ ማንዶሊን ጭራ (ክሮቹ በታች በኩል የሚታሰሩበት) ላይ አይተው ያረጋግጡ፤ አብዛኞቹ ማንዶሊኖች የሚይዙት ቀለበት ያለውን ነው።
• ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ፦ ከተጫወቱ በኋላ ክሩን ለመጥረግ፤ የጣት ላብ ክርን ቶሎ ያዝጋል።

ከመጀመርዎ በፊት ሦስት ማስጠንቀቂያዎች

አንደኛ፣ የማንዶሊን ድልድይ፣ ማለትም ክሮቹ ደረቱ ላይ የሚያርፉበት እንጨት፣ በአብዛኛው አልተጣበቀም፤ ቆሞ የሚቆየው በክሮቹ ጫና ብቻ ነው። ስለዚህ ክር ሲቀይሩ አንዱን አውጥተው በቦታው አዲሱን አስገብተው ወደ ቀጣዩ ይለፉ እንጂ ስምንቱንም በአንድ ጊዜ አያውጡ። ድልድዩ ከቦታው ጥቂት ከሸሸ ክፍት ክሮቹ (በጣት ሳይጫኑ የሚመቱት) ልክ ሆነው ተጭነው የሚመቱት ሁሉ ይሳከራሉ።

ሁለተኛ፣ ከአያት ወይም ከአባት የተወረሰ ጀርባው ጎባጣ ማንዶሊን ካለዎት ወፍራም ክር አይግጠሙበት። ስምንት የብረት ክር አንድ ላይ የሚስበው ኃይል ከባድ ስለሆነ ያረጀ ደረት ሊሰረጉድ ይችላል፤ የተሰረጎደ ደረት ደግሞ በቤት ውስጥ አይጠገንም።

ሦስተኛ፣ ክር ሲወጥሩ ፊትዎን ከመሣሪያው ያርቁ። ቀጭኑ ክር ሲበጠስ ዓይን ላይ ሊደርስ ይችላል።

ደረጃ 1፦ መቃኘት

ማንዶሊን ስምንት ክር አለው፤ ነገር ግን ሁለት ሁለት ሆነው በአንድ ድምፅ ስለሚቃኙ እንደ አራት አድርገው ይቁጠሯቸው። መሣሪያውን ይዘው ሲቀመጡ ከላይ፣ ከወፍራሙ፣ ጀምሮ ወደ ታች ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ናቸው። ቱነሩ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ሆነው ይታያሉ። ቫዮሊን የሚጫወት ዘመድ ካለዎት ቅኝቱ አንድ ስለሆነ ሊረዳዎት ይችላል።

ከላ ጥንድ ይጀምሩ፤ ልኩ 440 ኸርዝ ነው። ከጥንዱ አንዱን ክር በጣትዎ ነካ አድርገው ዝም ያሰኙትና ሌላውን ብቻ ይቃኙ። እሱ ልክ ሲሆን ሁለተኛውን በቱነር ሳይሆን በጆሮዎ ከመጀመሪያው ጋር ያስማሙት፦ ሁለቱን አንድ ላይ ሲመቱ ድምፁ «ዋው… ዋው…» እያለ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና ነው፤ ውዝዋዜው እየዘገየ ሄዶ ሲቆም ሁለቱ አንድ ሆነዋል። ይህ ድካም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥንዱ በጥቂቱ እንኳ ከተለያየ ጣትዎ ምንም ያህል በትክክል ቢያርፍ ዜማው የተበላሸ ይመስላል፤ ብዙ ጀማሪ ደግሞ ጥፋቱን በራሱ ላይ ያደርጋል።

ድምፁ ከልኩ ካለፈ መጀመሪያ ከልኩ በታች አላልተው እንደገና ወደ ላይ ይውጡ። ክሩን የሚወጥረውን ቁልፍ እያላሉ ልኩ ላይ ቢያቆሙት በጥርሶቹ መካከል ክፍተት ስለሚቀር፣ ክሩ ሁለት ዜማ ሳይጫወቱ ይወርድብዎታል።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልንገርዎ። ቱነር የድምፁን ስም እንጂ ከፍታውን ሁልጊዜ አያሳይም። በገና ዋዜማ ምሽት አዲስ የሚ ክር አስገብቼ፣ ቱነሩ «ኢ» እስኪል ድረስ ስወጥር ከትክክለኛው ሚ አልፌ ወደሚቀጥለው እየሄድኩ እንደነበር ያወቅሁት ክሩ ጠቅ ብሎ ሲበጠስ ነው፤ ትርፍ አልነበረኝም፣ በዓሉንም በሰባት ክር አሳለፍኩት። ስለዚህ በየመሐሉ በአፍዎ ያዚሙ፦ የላን ጥንድ ሰባተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ተጭነው ሲመቱ የሚሰማው ድምፅ ክፍቱ ሚ ሊሆን የሚገባው ድምፅ ነው። ይኸው ዘዴ ለሁሉም ይሠራል፤ የሬ ሰባተኛ ፍሬት ላን፣ የሶል ሰባተኛ ፍሬት ሬን ይሰጣል።

ደረጃ 2፦ አያያዝ

ክንድ በሌለው ወንበር ላይ ይቀመጡ። የመሣሪያው ራስ ከአካሉ ከፍ ይበል። ግራ እጅዎ አንገቱን አይሸከምም፤ ክብደቱን የሚይዘው ጭንዎና የቀኝ ክንድዎ ነው። ለመፈተን ግራ እጅዎን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት፤ ማንዶሊኑ ካዘመመ አቀማመጥዎን ያስተካክሉ። አንገቱን ጨምድዶ የያዘ እጅ ጣቶቹን በፍጥነት ማንሳት አይችልም።

ፒኩን ቁልፍ እንደሚያዞሩ ሰው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጎን መካከል ይያዙት፤ ጫፉ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይውጣ። እንቅስቃሴው ከእጅ አንጓ ይምጣ እንጂ ከክርን አይሁን። በእያንዳንዱ ምት ሁለቱንም የጥንዱን ክሮች መምታትዎን ያረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ ጣቶች የሚያርፉበት ቦታ

ፍሬት የሚባሉት አንገቱ ላይ በአግድም የተቀመጡት የብረት መስመሮች ናቸው፤ ከራሱ በኩል ጀምረው 1፣ 2፣ 3 እያሉ ይቁጠሯቸው። የማንዶሊን አንገት አጭር ስለሆነ አንድ ጣት ሁለት ፍሬት ይሸፍናል፦ ሌባ ጣት 1ኛና 2ኛን፣ የመሐል ጣት 3ኛና 4ኛን፣ የቀለበት ጣት 5ኛና 6ኛን፣ ትንሿ ጣት 7ኛን። ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች ከሁሉም በላይ የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፍሬት አንድ ጣት መድበው ስለለመዱ ትንሿ ጣት ቶሎ ታልቅባቸዋለች።

ጣትዎ በሁለቱ መስመሮች መካከል ሳይሆን ከሚፈልጉት መስመር ጀርባ ተጠግቶ ይረፍ። ወደ ኋላ በራቀ ቁጥር ይበልጥ መጫን ግድ ይሆናል፤ ሳይጫን ሲቀር ደግሞ ክሩ «ዝዝዝ» ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የጣት ጫፍ ይቆስላል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። በቀን አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ከመጫወት በሁለት ዙር አሥር አሥር ደቂቃ ቢጫወቱ ቆዳው ሳይላጥ ይጠነክራል።

ደረጃ 4፦ ቁጥሮቹን ማንበብ

ከዚህ በታች «ሬ4» ስል የሬን ጥንድ አራተኛው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱ ማለቴ ነው። «ላ0» ማለት የላን ጥንድ ሳይጫኑ ክፍቱን መምታት ነው። ሰረዝ ያለበት ቦታ ድምፁን ያስረዝሙ።

ወደ ዜማ ከመግባትዎ በፊት ይህን መሰላል ሦስት ቀን ይውጡ ይውረዱ፦

ሬ0 ሬ2 ሬ4 ሬ5 ላ0 ላ2 ላ4 ላ5

አንዱን ወደ ታች፣ ቀጣዩን ወደ ላይ፣ እያፈራረቁ ይምቱ። ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርገው በአንድ ምት አንድ ድምፅ ይጫወቱ። ሁልጊዜ ወደ ታች ብቻ መምታት ለቀርፋፋ ዜማ ያስኬዳል፤ ፍጥነት ሲመጣ ግን እጅዎ ባዶውን የሚመለስበት ጊዜ ስለማይኖረው ዜማው ይቆረጥብዎታል። ክራር የለመደ ሰው ቀኝ እጁ ሁሉንም ክር ለመግረፍ ይቸኩላል፤ እዚህ ግን አንድ ጥንድ ብቻ መርጦ መምታት ነው የሚፈለገው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ዜማ፣ የጂንግል ቤልስ አዝማች

ልጆች ሁሉ ስለሚያውቁት ሲሳሳቱ ወዲያው ይሰማዎታል፤ ለጀማሪ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። ከአንድ የላ ክፍት ድምፅ በስተቀር ሁሉም ነገር በሬ ጥንድ ላይ ነው።

ሬ4 ሬ4 ሬ4 – ሬ4 ሬ4 ሬ4 –
ሬ4 ላ0 ሬ0 ሬ2 ሬ4 –
ሬ5 ሬ5 ሬ5 ሬ5 ሬ5 ሬ4 ሬ4 ሬ4 ሬ4
ሬ4 ሬ2 ሬ2 ሬ4 ሬ2 – ላ0 –

ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ይድገሙና በአራተኛው ፈንታ ይህን ይጫወቱ፦

ላ0 ላ0 ሬ5 ሬ2 ሬ0 –

በሦስተኛው መስመር ከአራቱ ሬ4 ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ፈጣን ናቸው፤ በአንድ ምት ውስጥ ሁለቱም ይገባሉ። ታች–ላይ ብለው ይምቷቸው። ጀማሪ ሁሉ የሚደናቀፍበት ቦታ ይህ ነው፤ ስለዚህ ዜማውን ከመጀመሪያው ደጋግሞ ከመጫወት ይልቅ ይህን መስመር ለብቻው አውጥተው ሃያ ጊዜ ይምቱት። ስሕተት ያለበትን ቦታ ሳያወጡ ዜማውን በሙሉ መደጋገም ስሕተቱን ያስጠናል።

በ60 ፍጥነት ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳይሳሳቱ ከተጫወቱት ወደ 65 ይለፉ፤ ካልሆነ እዚያው ይቆዩ። 100 ሲደርስ ሰው ይዘፍንበታል።

ደረጃ 6፦ ሁለተኛው ዜማ፣ ጆይ ቱ ዘ ወርልድ

ይህ ዜማ የሚጀምረው በደረጃ 4 ያጠኑትን መሰላል ከላይ ወደ ታች በመውረድ ነው። አዲስ ነገሩ ጣት ሳይሆን የድምፆቹ ርዝመት ነው፤ ሁሉንም እኩል አድርጎ የሚጫወት ሰው መሰላል የሚለማመድ እንጂ ዜማ የሚጫወት አይመስልም።

ላ5 ላ4 ላ2 ላ0 – ሬ5 ሬ4 ሬ2 ሬ0 –
ላ0 ላ2 – ላ2 ላ4 – ላ4 ላ5 –
ላ5 ላ5 ላ4 ላ2 ላ0 ላ0 ሬ5 ሬ4 (ሁለት ጊዜ)
ሬ4 ሬ4 ሬ4 ሬ4 ሬ4 ሬ5 ላ0 –
ሬ5 ሬ4 ሬ2 ሬ2 ሬ2 ሬ2 ሬ4 ሬ5 –
ሬ4 ሬ2 ሬ0 ላ5 – ላ2 ላ0 ሬ5 ሬ4 ሬ5 ሬ4 ሬ2 ሬ0 –

በመጀመሪያው መስመር ሁለተኛው ድምፅ ጠበቅ ብሎ ይቆይና ሦስተኛው እንደ ጥላ ተከትሎት ያልፋል። በሁለተኛው መስመር ድምፆቹ ሁለት ሁለት ሆነው አጭር–ረጅም ናቸው። በመጨረሻው መስመር ከሬ0 ወደ ላ5 የሚዘለው ዝላይ የቀለበት ጣትን አስቀድሞ ማዘጋጀት ይፈልጋል፦ ክፍቱ ሬ0 እየጮኸ ሳለ ጣትዎ ስለማይሠራ በዚያች ቅጽበት ላ5 ላይ ይረፍ።

ደረጃ 7፦ ሦስተኛው ዜማ፣ ሳይለንት ናይት፣ ከትሬሞሎ ጋር

ከሦስቱ ቀስ የሚለው ይህ ነው፤ የሚከብደውም በዚሁ ምክንያት ነው። ማንዶሊን ሲመታ ድምፁ ወዲያው ስለሚሞት ረጅም ድምፅ ባዶ ሆኖ ይቀራል። ያንን ባዶ የሚሞላው ትሬሞሎ፣ ማለትም ፒኩን በአንድ ጥንድ ላይ ሳያቋርጡ ታች–ላይ ማንቀጥቀጥ ነው።

መጀመሪያ ያለ ትሬሞሎ ዜማውን ይያዙ። ቆጠራው በሦስት ነው፦ አንድ–ሁለት–ሦስት።

ላ0 – ላ2 ላ0 ሬ4 – (ሁለት ጊዜ)
ሚ0 – ሚ0 ላ4 –
ላ5 – ላ5 ላ0 –
ላ2 – ላ2 ላ5 – ላ4 ላ2 ላ0 – ላ2 ላ0 ሬ4 – (ሁለት ጊዜ)
ሚ0 – ሚ0 ሚ3 – ሚ0 ላ4 ላ5 – ሚ2 –
ላ5 – ላ0 ሬ4 ላ0 – ሬ5 ሬ2 ሬ0 –

ከዚያ ትሬሞሎውን ለብቻው ያለማምዱ። ላ0ን ይዘው፣ ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርገው በአንድ ምት አራት ጊዜ ይምቱ (ታች–ላይ–ታች–ላይ)። ሳይዛነፍ ሲሄድልዎ ወደ ስድስት፣ በመጨረሻም ወደ ስምንት ያሳድጉት። እጅዎ ከተወጣጠረ ያቁሙና ያራግፉት፤ ከፍጥነት ይልቅ እኩልነት ይበልጣል፤ የተዝረከረከ ፈጣን ትሬሞሎ በር እንደሚያንኳኳ ይሰማል። የፒኩ ጫፍ ክሩ ውስጥ ጠልቆ ከገባ ይጋጫል፤ ትንሽ አዘንብለው ክሩን እየዳበሰ እንዲያልፍ ያድርጉት።

ዜማው ውስጥ ሲያስገቡት በመስመር መጨረሻ ላይ ባሉት ረጅም ድምፆች ብቻ ይጀምሩ። ሁሉንም ድምፅ ለማንቀጥቀጥ ጊዜው ገና ነው።

ደረጃ 8፦ የአገር ቤቱን የገና ዘፈን በጆሮ ማግኘት

«አሲና በል አሲና ገናዬ»ን በቁጥር ጻፍልኝ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ዜማው ከአገር አገር፣ ከአውጪ አውጪ ስለሚለያይ እርስዎ በሚያውቁት አወጣጥ በጆሮ ቢያገኙት ይሻላል። አዝማቹን በቀስታ ያንጎራጉሩ፤ ተቀባዮቹ የሚያርፉበትን የመጨረሻ ድምፅ ይያዙና እስኪመሳሰል ድረስ ድምፅዎን ከፍ ዝቅ አድርገው ሬ0 ላይ ያሳርፉት። ከዚያ እነዚህን አምስት ድምፆች ይሞክሩ፦ ሬ0 ሬ2 ሬ4 ላ0 ላ2። ይህ የትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው። ድምፁ ከሚያንጎራጉሩት ጋር ካልተስማማ ሬ4ን በሬ3፣ ላ2ን በላ1 ይተኩ፤ ይህ የትዝታ ማይነር ነው። በሁለቱም ካልሆነ ማረፊያውን በትክክል አልያዙትም ማለት ሊሆን ስለሚችል ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። አንድ ሐረግ ባገኙ ቁጥር በቁጥር ይጻፉት፤ ነገ ይረሳል።

ደረጃ 9፦ ሰው ሲዘፍን አብሮ መጫወት

ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲዘፍን ሳይለንት ናይት በሬ ላይ ለብዙ ሰው ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሚ3 ላይ ሲደርስ ግማሹ ሰው ዝም ይላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥንዶቹ በእኩል ርቀት ስለተቃኙ ሁሉንም ነገር አንድ ጥንድ ወደ ወፍራሙ ያዛውሩ። ሬ የነበረው ሶል፣ ላ የነበረው ሬ፣ ሚ የነበረው ላ ይሆናል፤ የፍሬቱ ቁጥርና ጣትዎ አይለወጡም። ሌሎቹም ሁለቱ ዜማዎች እንዲሁ ይዛወራሉ።

ሌላ ሰው በዜማው ላይ እንዲያጅብዎ ከፈለጉ ሦስት ኮርድ (አንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች) ይበቃዋል። ቁጥሮቹ ከሶል ጥንድ ወደ ሚ ናቸው፦

የሶል ኮርድ 0–0–2–3
የዶ ኮርድ 0–2–3–0
የሬ ኮርድ 2–0–0–2

ወደ ሶል ለተዛወረው ሳይለንት ናይት፣ መስመር በመስመር፣ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ በመጀመሪያው መስመር ሶል፤ በሁለተኛው ሬ፤ በሦስተኛው ሶል፤ በአራተኛው ዶ፣ ከመሐሉ ጀምሮ ሶል፣ ሲደገምም እንዲሁ፤ በአምስተኛው ሬ፣ መጨረሻው ላይ ሶል፤ በስድስተኛው ሶል፣ ሬ፣ ሶል።

ከመጀመርዎ በፊት ጮክ ብለው «አንድ–ሁለት–ሦስት» ይቁጠሩና የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻውን አንድ ጊዜ ያሰሙ። ይህን ካላደረጉ እያንዳንዱ ዘፋኝ በየራሱ ድምፅ ይጀምርና እርስዎ ያጠፉ ይመስላል።

ሲበላሽ የሚታዩ ምልክቶች

ድምፁ ከታፈነ፣ አጠገብ ያለውን ክር የሌላ ጣትዎ ሆድ እየነካው ነው፤ ጣቱን በጫፉ ያቁሙት፣ ጥፍርዎንም አሳጥረው ይቁረጡ።

ክፍቱ ክር ልክ ሆኖ የተጫነው ከፍ ብሎ ከተሰማ፣ ከመጠን በላይ እየተጫኑ ወይም ክሩን ወደ ጎን እየገፉት ነው። ቀስ ብለው ቢጫኑም ካልተስተካከለ ድልድዩ ከቦታው ሸሽቶ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ ክሩን 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱ፤ በቱነር ላይ ከክፍቱ ጋር አንድ ስም ካልሰጠ፣ ወይም ከልኩ ከፍና ዝቅ ካለ፣ መሣሪያውን ለሚያውቅ ሰው ያሳዩት።

ቅኝቱ ጠዋት ጠዋት የሚለወጥ ከሆነ መሣሪያው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የታኅሣሥ ሌሊት ብርድና የቀኑ ፀሐይ ክሩንም እንጨቱንም ያንቀሳቅሳሉ። ማንዶሊኑን ከመስኮት፣ ከምድጃና ከማሞቂያ አርቀው በሣጥኑ ያስቀምጡ፣ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ አይተዉት፤ በበዓሉ ቀን ደግሞ እንግዳ ከመምጣቱ ግማሽ ሰዓት በፊት በሚጫወቱበት ክፍል ውስጥ አውጥተው ያቆዩትና ከዚያ በኋላ ይቃኙት።